«ተከላካይን ማን ያውቃታል?» አለችኝ፤ ምን ልበላት?

የታቦር_ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ሀዋሳ ነኝ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ታቦር ተራራ ስር ባለች ሜዳ ከሰፈር ሴቶች ጋር ኳስ ትጫወታለች። እኔ ኮን መደርደርና ፊሽካ መንፋት ስለምችል ብቻ ኮች እባላለሁ። አሰልጣኝ አይደለሁም፣ እንጀራዬ ሌላ ነው። ልጅቷን የመሀል ተከላካይ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ለምን? ረጅም ስለሆነች። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ ከናንተ ምን ልደብቅ።

ባለፈው ቅዳሜ የታኬታዋን ክር ሳታስር መጣችና «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አጥቂ ነኝ» አለችኝ። ምነው ስላት «ተከላካይን ማን ያውቃታል? ጎል ስናገባ ሁሉም ሮጦ አጥቂዋን ያቅፋል፣ ሲገባብን ሁሉም ዞሮ እኔን ያየኛል» አለች። አፌን አዘጋችኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ስለ ተከላካይዋ ናኦሚ ግርማ ሳነብ አመሸሁ። ለማታውቋት፣ እናትና አባቷ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ እሷ 2000 ላይ ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ተወለደች (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ)። ኳስ የጀመረችው አባቷ ከሌሎች ሐበሾች ጋር ሆኖ ልጆቹን በሚሰበስብበት «ማለዳ» በሚባል የሰፈር ኳስ ነው። ከዛ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ 2019 ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆኑ። የአሜሪካ ሴቶች ሊግ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት በ2022ቱ ምርጫ ሳንዲያጎ ዌቭ የሚባለው ክለብ ከሁሉም በፊት አንደኛ አድርጎ ወሰዳት፣ እና በዛው በመጀመሪያ ዓመቷ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ምርጥ ተከላካይም እሷ ሆነች። ሁለቱንም! 2023 ላይ የተከላካይነቱን ደገመችው፣ በላዩ ላይ የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ተባለች፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አጥቂና አማካይ የሚሻማበት ሽልማት። 2024 ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ። በ2025 መጀመሪያ ቼልሲ በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ገዛት። በሴቶች ኳስ ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ዝውውር ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ይሄን ለልጅቷ ባሳያት ይጠቅማታል ወይስ «እሷ አሜሪካ ነው ያደገችው» ብላ ጭራሽ ተስፋ ትቆርጣለች? ወይስ ዝም ብዬ አጥቂ ላድርጋት?

ቆሮሶ_ጥብስ፦

1.1 ሚሊዮን ዶላር በብር ስንት ነው? ተወው፣ ዛሬ አስልቼ ነገ ይቀየራል። ብቻ የዓሣ ገበያችንን አሞራ ገደልን ከነአሳው፣ ከነትልቁ ወፍ ከነአባ ኮዳው ይገዛል። ለልጅቷ ይሄን ንገራትና ዝም በል፦ የተሸጠችው አጥቂ አይደለችም፣ ተከላካይ ናት።

ሰማያዊው_ነኝ፦

የቼልሲ ደጋፊ ስለሆንኩ ማለፍ አልቻልኩም። ከናኦሚ በፊት ሪከርዱ የዛምቢያዋ አጥቂ የሬቸል ኩንዳናንጂ ነበር፣ 2024 ላይ ከስፔን ወደ አሜሪካው ቤይ ኤፍሲ ስትሄድ። የናኦሚም ብዙ አልቆየም፣ እዛው 2025 ላይ አርሰናል ካናዳዊቷን ኦሊቪያ ስሚዝን በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደና ሰበረው። አርሰናል ያው አርሰናል ነው፣ ዋንጫ ሲያጣ ሪከርድ ይሰብራል።

ግን ብሩን ተዉት። እኔ ናኦሚን የወደድኳት 2023 ዓለም ዋንጫ ላይ ነው። አሜሪካ አራት ጨዋታ ተጫውታ በስዊድን በመለያ ምት ተሸንፋ ወጣች፣ አገር ምድሩ ተሳደበ፣ ግን በአራቱ ጨዋታ የገባባቸው አንድ ጎል ብቻ ነው። ስድቡ ሁሉ ወደ ፊት ነበር፣ ወደ ኋላ የደረሰ የለም። ፓሪስ ላይ ደግሞ ስድስቱንም ጨዋታ አንድ ደቂቃ ሳትቀየር ጨረሰች። ሩብ ፍጻሜውና ግማሽ ፍጻሜው ተጨማሪ ሰዓት እንደነበራቸው አትርሱ፣ ያ ሁሉ በሁለት ሳምንት ተኩል ውስጥ ነው። በፍጻሜው ብራዚልን 1 ለ 0። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኟ ኤማ ሄይስ በሕይወቷ ካየቻቸው ተከላካዮች ሁሉ ምርጧ እሷ እንደሆነች ተናግራለች። ሄይስ ማለት ቼልሲን ከአስር ዓመት በላይ ያሰለጠነች ሴትዮ ናት፣ ያየችው ተከላካይ ትንሽ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቪዲዮዋን ስታዩ ማልያዋን እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ነው። ሸርተቴ (መሬት ላይ ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ) የምትገባው ሌላ ሁሉ ሲያልቅባት ነው።

ጠለዛ፦

እኔ እዚሁ ሀዋሳ 9 ዓመት ተከላካይ ነበርኩ፣ የሰፈር ቢሆንም ተከላካይ ነበርኩ። ማልያ ንጹህ ነው ምናምን የቴሌቪዥን ወሬ ነው። የኛ ሜዳ ጉድጓድ አለው፣ ድንጋይ አለው፣ ክረምት ላይ ጭቃው ኳሷን ይይዝና ይለቅብሃል። እዛ ላይ «ከኋላ መስርቼ ልጫወት» ካልክ ጎል ይገባብሃል፣ ከዛ እናትህም አትምርህም። ተከላካይ ስራው ማጽዳት ነው። ጠልዛ ትገላገል። ለልጅቷ መጀመሪያ ይሄን አስተምራት።

ሚጡ_አዳማ፦

ጠለዛ ወንድሜ፣ አትቀየመኝና የኔን ዕድሜ የበላው እንደሱ ያለ ምክር ነው።

አዳማ ነኝ። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ በአንድ የታዳጊ ቡድን ውስጥ ተጫውቻለሁ፣ ስሙ ይቅር። አማካይ ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን ልምምድ አረፈድኩና «ዛሬ ኋላ ቁሚ» ተባልኩ። ቅጣት ነበር። በሳምንቱም ኋላ፣ በወሩም ኋላ፣ እንደዛው ቀረሁ። ማንም ተከላካይ ምን እንደምታደርግ አላስተማረኝም። ኳስ እግሬ ስር ሁለት ሰከንድ ከቆየች ከመስመር ላይ «ጥለዢያት!» ይባላል። እጠልዛለሁ፣ ኳሷ ለባላጋራ ትደርሳለች፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ ደግሞ እጠልዛለሁ። 90 ደቂቃ ግድግዳ ሆኜ እውላለሁ። በ21 ዓመቴ አቆምኩ።

እና የታቦር ልጅ፣ አንተም «ረጅም ስለሆነች» ነው ያልከው አይደል? ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ናኦሚን አስቦ ተከላካይ ያደረጋት ሰው አለ። እኛ ጋ ፈጣኗ ፊት፣ ኳስ የምትችለው መሀል፣ የተረፈችው ኋላ ነው። ልጅቷ «ማን ያውቃታል» ብትል ምን ይገርማል፣ አንተ ራስህ ኋላ ያቆምካት ሳታውቃት ነው። በቁጣ አይደለም የምጽፈው፣ እሺ ትንሽ በቁጣ ነው።

የታቦር_ልጅ፦

ሚጡ እህቴ፣ አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። ልክ ነሽ።

አረብ_ሰፈር፦

ለምን ባሕር ማዶ ትሄዳላችሁ? ሎዛ አበራ አለች አይደል እንዴ! ዱራሜ ተወልዳ፣ እዚሁ ሀዋሳ ከተማ ተጫውታ፣ ደደቢት፣ እናንተ አዳማዎችም ጋ ነበረች፣ ማልታ ሄዳ ጎል አዝንባ፣ ተመልሳ ለንግድ ባንክ ቡድን ተጫውታ፣ 2024 ላይ ደግሞ ዋሽንግተን ለዲሲ ፓወር ፈረመች። አፈሩም ውሃውም ያገር ቤት። ለልጅቷ ሎዛን አሳያት።

ሚጡ_አዳማ፦

ሎዛን ማን ይጠላል፣ እኔ ራሴ አዳማ እያለች ሜዳ ገብቼ ጮኼላታለሁ። ግን አጥቂ ናት እኮ! ልጅቷ ያለችው ይሄንኑ ነው። አሁን ማንም ይሁን ዞር ብሎ ሳያይ የሉሲዎቹን (የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን) ሦስት ተከላካዮች ስም ይጥራልኝ። ንግድ ባንክ 2024 ላይ ሞሮኮ ድረስ ሄዶ የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግን ተጫውቷል፣ የኋላ መስመሩን ማን ያውቃል? ጎል ያገቡትን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አረብ_ሰፈር፦

...አንድ አውቃለሁ። እሺ አንድ ተኩል። አሸነፍሽ።

ከባሕር_ማዶ፦

አሜሪካ 17 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ነገር ላብራራ። እዚህ ልጅ ክለብ ውስጥ ኳስ ስትጫወት ወላጅ ነው የሚከፍለው። መመዝገቢያ፣ ማልያ፣ ጉዞ፣ ሆቴል፣ በዓመት ሺዎች ዶላር ይሄዳል። ሐበሻ ወላጅ ሁለት ስራ እየሰራ ቅዳሜን ለኳስ መስጠት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስለዚህ «አሜሪካ ስለሆነች ሁሉም ተዘጋጅቶ ጠበቃት» የሚባለው ልክ አይደለም። ማለዳ የሚባለው በስሙ ክለብ ቢባልም አካዳሚ አልነበረም፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሰብስበው የሚያጫውቱበት ነው። አባትየው ኳስ ይወዳል፣ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ይጫወታሉ። የታቦር ልጅ፣ አንተ ቅዳሜ ጠዋት የምታደርገውን ነገር ማለት ነው።

ጠለዛ፦

ከባሕር ማዶ፣ ክቡርነትዎ፣ እሱ እስከ 10 ዓመቷ ነው። ከዛ በኋላስ? ትምህርት ቤቱ ቡድን አለው፣ ክለቡ አለ፣ ከ17 በታች ብሔራዊ፣ ከ20 በታች ብሔራዊ፣ ስታንፎርድ ነፃ ትምህርት ከነሜዳው ከነሐኪሙ። እኛ ጋ ሴት ልጅ 16 ዓመት ሲሞላት ቤት ውስጥ «ይበቃሻል» ይባላል። መሰላሉ የመጀመሪያዋ እርከን እኛም ጋ አለች፣ ሁለተኛዋ ናት የተሰበረችው።

ከባሕር_ማዶ፦

በዚህ እስማማለሁ። ክቡርነትዎ ግን ይቅርብኝ፣ 41 ዓመቴ ነው ሃሃሃ።

ጋሽ_ፊሽካ፦

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ዳኛ ነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ደቡብን ዞሬ አጫውቻለሁ። ዳኛ ከተመልካች የተለየ አንድ ዕድል አለው፣ ሜዳው መሀል ቆሞ ፊት ለፊት የተጫዋቹን አይን ያያል። እናንተ ኳሱን ስታዩ እኔ ፊታቸውን አያለሁ።

ጥሩ ተከላካይ የሚታወቀው ኳስ እግሩ ስር ስትገባ አይደለም። ኳሷ ወዲያኛው ሳጥን ጋ እያለች ነው። መጥፎው ተከላካይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ ተመልካች ኳሱን ያያል። ጥሩው አንገቱን ያዞራል። አንዴ ወደ ኋላው፣ አንዴ ወደ ጎኑ፣ አጥቂዋ የት ናት፣ በረኛዬ የት ናት፣ መስመሩ ልክ ነው ወይ። ይቺን ናኦሚ የምትሏትን ልጄ በስልክ አሳየኝ፣ አንገቷ አያርፍም። ለዚህ ነው ሸርተቴ የማትገባው። ቀድማ ደርሳ ለምን ትንሸራተታለች? ሸርተቴ የዘገየ ሰው ስራ ነው።

እና አንተ የታቦር ልጅ፣ ልጅቷ አጥቂ ትሁን ተከላካይ ትሁን አሁን አትወስን። ቅዳሜ ሂድና አስር ደቂቃ ኳሱን ተወው፣ እሷን ብቻ እይ። ስንት ጊዜ አንገቷን እንዳዞረች ቁጠርና ንገረን።

ቆሮሶ_ጥብስ፦

ጋሽዬ እርስዎ የገለጹት እኮ አባ ኮዳን ነው! አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት የሚቆመው አባ ኮዳ። አይሯሯጥም፣ አይጮህም፣ አንገቱን ቀስ አድርጎ ያዞራል፣ አንጀቱ ከቢላው ስር ወደቀ ሲባል ግን እሱ ቀድሞ እዛ አለ። ሌላው ወፍ ገና ክንፉን ሲዘረጋ እሱ ውጦ ጨርሷል።

ጋሽ_ፊሽካ፦

በትክክል። እንዲያውም መላጣውም ቀይ ካርድ ያየ ተከላካይ ያስመስለዋል።

ወገሻው፦

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ ስሜ ያሳስታል፣ ቀልድ ነው። ማንም ያላነሳው ነገር ስላለ ነው የገባሁት። ናኦሚ 2020 ላይ ዩኒቨርሲቲ እያለች የጉልበቷ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቀዶ ጥገና፣ ከዛ ወራት ማገገሚያ። ይሄ ጉዳት ከወንዶች ይልቅ ሴት ተጫዋቾችን አብዝቶ ነው የሚያጠቃው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካቸው፣ ሮጠው ድንገት ሲዞሩ ወይም ዘለው ሲያርፉ። ተከላካይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ነው የምትውለው። እኛ ጋ ይሄ ጉዳት ብዙ ጊዜ «ወለም አለኝ» ተብሎ ይታሻል፣ ልጅቷ ትመለሳለች፣ ይብስባታል፣ ታሪኩ እዛ ጋ ያበቃል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ማሟሟቂያ ነው፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ እቃ አይፈልግም። ቀስ ያለ ሩጫ፣ ከዛ የጭንና የሆድ ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ማረፍ፣ በመጨረሻ ፈጠን ያለ ሩጫ። ዋናው ነገር ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እንዳይጣመም ማየት ነው። የታቦር ልጅ፣ ኮን ከመደርደርህ በፊት ይሄን አሰራቸው። በሳምንት ሁለቴ ከሰሩት ለውጥ አለው።

ሰማያዊው_ነኝ፦

ጉዳትማ ቼልሲም ከገባች በኋላ አልተዋትም፣ ገና እንደመጣች ባቷን ተጎድታ ሳምንታት ጠበቅናት። በነገራችን ላይ ልጅቷ «ጎል ያማረኛል» ካለች ይሄን ንገራት፦ ናኦሚ ለአሜሪካ ብዙ ጊዜ ተጫውታ ጎል አልነበራትም፣ ጥቅምት 2024 ላይ ከአርጀንቲና ጋር በአንድ ጨዋታ ሁለት አገባች። ማዕዘን ምት ሲኖር ረጅም ልጅ ወደ ፊት ትሄዳለች። መብቷ ነው።

የታቦር_ልጅ፦

እሺ፣ ቅዳሜ ሆነ። ሪፖርት ላቅርብ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተገናኘን። ሌሊት ዘንቦ ሜዳው ግማሹ ረግረግ ነበር። ማሟሟቂያውን ከስልኬ እያየሁ አሰራኋቸው፣ በአንድ እግር ቁሙ ስላቸው ሳቁብኝ፣ ከዛ እኔ ራሴ ስቆም ወደቅኩ፣ የበለጠ ሳቁ። ሆነ።

ጨዋታ ተጀመረ። ጋሽ ፊሽካ እንዳሉኝ ኳሱን ትቼ እሷን አየሁ። በአስር ደቂቃ 31 ጊዜ አንገቷን አዞረች። ሌላኛዋን ተከላካይም ቆጠርኩ፣ 6። ማንም አላስተማራትም! እኔማ ምን ላስተምራት፣ ራሴም አላውቀውም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ቆሜ ያላየሁትን ነገር።

አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። የነሱ አማካይ ኳሱን ይዛ ቀና አለች። አጥቂያቸው በጣም ፈጣን ናት፣ አቶቴ የምትኖር ልጅ ናት፣ ሁሉም ይፈራታል። የኛዋ ኳሱ ገና ሳይመታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አንድ እርምጃ ናት፣ ከዛ አትበልጥም። ኳሱ ተመታ፣ አጥቂዋ በረረች፣ የኛዋ ግን ሳትሮጥ፣ እንደው በሶምሶማ፣ ኳሱ ጋ ደርሳ በውስጥ እግሯ አቆመችው። አጥቂዋ በጭቃው ተንሸራታ አጠገቧ አለፈች። እዚህ ጋ እኔ በልማዴ «ጥለዢያት!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሚጡን አስታወስኩና ዘጋሁት። ልጅቷ ቀና ብላ አየች፣ ለቀኝ መስመሯ አቀበለች፣ ሄደች። ማንም አላጨበጨበም። ከሜዳው ውጪ የቆመው የባጃጅ ሾፌር ብቻ «እቺ ልጅ አይን አላት» አለ።

ሚጡ_አዳማ፦

ያቺን «ጥለዢያት» በመዋጥህ ከልቤ አመሰግናለሁ። እንዴት እንደሚከብድ ገብቶኛል።

ቆሮሶ_ጥብስ፦

31! አባ ኮዳ ናት አላልኳችሁም?

ጠለዛ፦

እሺ። በደረቅ ሜዳ ተስማማሁ። በጭቃ ግን አሁንም እጠልዛለሁ።

ጋሽ_ፊሽካ፦

ለልጅቷ ነገርካት?

የታቦር_ልጅ፦

ነገርኳት ጋሼ። ልምምድ ሲያልቅ ጠራኋትና «31 ጊዜ ዞረሽ አይተሻል፣ ቆጥሬያለሁ» አልኳት። «ለምን ቆጠርክ?» አለችኝ። ከዛ የናኦሚን ቪዲዮ ከፈትኩላት። ስለ ሚሊዮኑ ነገርኳት፣ ብዙም አልገረማትም። «ማለዳ» የሚለውን ስም ስትሰማ ግን ፈገግ አለች፣ «እኛም እኮ በማለዳ ነው የምንጫወተው» አለች። ተከላካይ እሆናለሁ አላለችም፣ አልሆንም አላለችም።

እሁድ ከሌላ ሰፈር ጋር ገጠምን። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሁለተኛው ጎል የሷ ጥፋት ነው፣ እጇን አንስታ «ኦፍሳይድ!» እያለች ቆመች፣ የመስመር ዳኛ እንኳን የለንም፣ ለማን እንደምትጮህ አላውቅም፣ አጥቂዋ ሄዳ አገባች። ሁሉም ዞሮ አያት። እኔም አየኋት፣ ሳላስበው። አላለቀሰችም። ወደ በረኛዋ ሄዳ የሆነ ነገር አለቻት፣ በእጇ መስመሩን እያሳየች።

ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ጎሉን የሆነ ልጅ በስልክ ቀርጾት ነበር፣ ልኮልኛል። ስልኬን ተቀበለችኝና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። እናቷ እራት ቀረበ ብትል አትሰማም። ከሌላ ስልክ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ያቺን እጇን ያነሳችባትን ቦታ እየመለሰች እያየቻት ነው፣ አሁን አራተኛዋ ነው። መብራት የለም፣ ስልኬ 6 በመቶ ቀርቶታል።